ዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ልጆች

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚጽፍ ሰው አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን እንዳይደግምበት መጠንቀቅ ይገባዋል። የቋራው ካሣ እንዴት እንደ ሸፈቱ፣ መሳፍንቱን እንዴት እንደ ገጠሙ፣ በመቅደላ አምባ ላይ እንዴት እንደ ሞቱ የማያውቅ ተማሪ በዚህ ትምህርት ቤት ይኖራል ብዬ አልገምትም። ሴባስቶፖል የተባለውንም መድፍ ሁሉ ያውቀዋል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ይታያል። እኔ ልጽፍ የፈለግሁት ግን በመድፉ ዝና ተሸፍኖ ስለ ቀረው ነገር ነው፤ ይኸውም መድፍ በሚሠራባት በጋፋት መንደር፣ ወጣቶች ማንበብና መጻፍን ከእጅ ጥበብ ጋር እንዲማሩ ስለ ተቋቋመው ትምህርት ቤት ነው።

ወደዚህ ነገር የመራኝ የቤታችን ጉዳይ ነው። የምንኖረው በሶደሬ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለሕፃናት የምሕንድስናን መጀመሪያ የሚያስተምር አነስተኛ ድርጅት ለማቋቋም ማሰብ ከጀመረ አንድ ዓመት አልፎታል። ቅዳሜና እሑድ በጥቂት ክፍያ ልጆቹን ሰብስቦ ማንሻን፣ መዘውርን፣ ጥርስ ያለውን መንኮራኩርና የኤሌክትሪክን መሥመር በእጃቸው እየሠሩ እንዲያውቁት ይፈልጋል። የሶደሬ ልጆች ለዚህ ሥራ አስቀድመው የተዘጋጁ ይመስለኛል። ከሽቦ መኪና ይሠራሉ፤ ለጎማው ቆርኪ ይቀጠቅጣሉ፤ ከፍል ውሃው በሚወርደው ቦይ ላይ ከቆርቆሮ የተቈረጠ መንኮራኩር ተክለው ሲያዞሩ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኛ በላይ አዋሽ በቆቃ ተገድቦ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት መስጠቱን ላየ፣ የልጆቹ ጨዋታና የመሐንዲሶቹ ሥራ ልዩነታቸው በመጠን ብቻ ነው።

ነገር ግን አንድ የተከበሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ይህን ሐሳብ በሰሙ ጊዜ፣ ለልጅ መኪናና መዘውር ማስተማር የውጭ አገር ሰው ልማድ እንደ ሆነና በእኛ አገር ሥር እንደሌለው ተናገሩ። ወንድሜ ሽማግሌውን ስለሚያከብር ዝም አለ። እኔ ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑን ለመመርመር የታሪክ መጻሕፍትን አገላበጥሁ፤ ያገኘሁትም የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ነው።

ካሣ ኃይሉ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ነው። አባታቸው ቀድመው ሞቱ፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብም ተቸገሩ። የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ጠላቶቻቸው ኋላ የሰደቧቸው ይህን ችግር ይዘው ነው። ልጁ ካሣ ለትምህርት ወደ ገዳም ገቡ፤ ፊደል ቈጠሩ፤ ዳዊት ደገሙ። ያ ገዳም ግን በመሳፍንቱ ጦርነት ተወረረ፤ አብረዋቸው ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ አለቁ፤ ካሣ አምልጠው ወደ ዘመዳቸው ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ሄዱ። የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ በእሳትና በሰይፍ ሲጠፋ በልጅነቱ ያየ ሰው፣ ሲነግሥ ሌላ ትምህርት ቤት ማቋቋሙ እኔን አያስደንቀኝም።

ካሣ ጐልምሰው ከሸፈቱና ወታደር ካበዙ በኋላ ስለ ብረት ሥራ የተማሩት መራራ ትምህርት ደግሞ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ነው። በዚያ በሱዳን ወሰን ከግብፅ ወታደሮች ጋር ተጋጠሙ። ግብፆቹ በምሽግ ውስጥ ሆነው፣ በሥርዓት ተሰልፈው፣ መድፍ ይተኵሱ ነበር። የካሣ ሰዎች ጀግኖች ነበሩ፤ ግን ጀግንነት ወደ መድፍ አፍ ሲሮጥ ምን እንደሚሆን በዚያ ቀን ታየ። ካሣ ተሸንፈው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ መሣሪያና ስለ ወታደር ሥርዓት ያላቸው አሳብ ፈጽሞ ተለወጠ።

የቀረውን ጦርነት በአጭሩ ላሳልፈው። በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አደረጉ፤ በ1847 ዓ.ም. የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ አሸነፉና በዚያው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከውጭ አገር ሰዎች አጥብቀው የለመኑት ነገር አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነው። ሌሎች ነገሥታት ጠመንጃ ይለምኑ ነበር። እሳቸውም ጠመንጃን አልጠሉም፤ ዳሩ ግን ከጠመንጃው ይልቅ ጠመንጃ የሚሠራውን ሰው ይፈልጉ ነበር። በኢየሩሳሌም የነበረው ጳጳስ ጎባት፣ ቀድሞ በኢትዮጵያ የኖረ ሰው፣ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ ወጣት ሚስዮናውያንን ሊልክ በፈለገ ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎቹ የእጅ ሙያ ያላቸው እንዲሆኑ ፈለጉ። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን፣ ቀጥሎም ቫልድማየርና ዛልሙለር መጡ። ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ተጨመሩ። ንጉሡ ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ባለችው በጋፋት መሬትና ቤት ሰጥተው አስቀመጧቸው፤ ወጣቶችንም አብረዋቸው እንዲሠሩና እንዲማሩ መደቡላቸው።

ይህ ትእዛዝ በዚያ ዘመን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ዛሬ ለመረዳት ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ይናቅ ነበር። ማረሻውን የሚሠራለትን፣ ጦሩን የሚስልለትን ባለ እጅ፣ ገበሬውም መኰንኑም ጠይብና ቡዳ እያለ ይሰድበው፣ ከጋብቻም ያርቀው ነበር። ስድቡ በቴዎድሮስ ዘመንም አልቀረም፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሰዋል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ንቀት መካከል፣ የንጉሥ ትእዛዝ ይዞ ወናፍ ወደሚነፋበትና ከሰል ወደሚነድበት ቤት ገብቶ ሙያ እንዲማር የተላከውን ወጣት ቤተሰቦቹ እንዴት እንደ ተመለከቱት አስቡት። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከመድፉ ይልቅ የቴዎድሮስን ድፍረት የሚያሳየው ይህ ነው።

ሰባኪዎቹ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ ባሉ ጊዜ ሥራውን እንደማያውቁት ተናገሩ፤ ንጉሡ ግን ምክንያት አልተቀበሉም። መድፍ ማቅለጥ ምን እንደሚጠይቅ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። መዳብና ቆርቆሮ ተቀላቅለው የሚሰጡት ነሐስ ውሃ ሆኖ እንዲፈስስ ወደ 1000 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይህንንም ለመስጠት ብዙ ከሰል፣ የማያቋርጥ ወናፍ፣ ሙቀቱን ተቋቁሞ የማይፈርስ ጡብ ያለው እቶን ያስፈልጋል። የመድፉ ቅርጽ ከጭቃ ይበጃል፤ በመካከሉ የአፈ ሙዙን ባዶ ቦታ የሚይዝ ሌላ የጭቃ ምሰሶ ይቆማል። በጭቃው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ቢቀር፣ የቀለጠው ነሐስ ሲገባ እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ቅርጹን ይሰነጥቀዋል። እቶኑ ለአንድ መድፍ የሚበቃውን ነሐስ ባንድ ጊዜ ማቅለጥ ካልቻለም ሥራው ከንቱ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ፤ ንጉሡ እንደ ገና እንዲሞክሩ አዘዙ፤ ደግሞ ሞከሩ። በመጨረሻም መድፉ በደኅና ወጣ፤ ንጉሡም እጅግ ተደስተው ሸለሟቸው። ከዚያ በኋላ የሚታዘዘው መድፍ በየጊዜው እየከበደ ሄደ።

የጋፋት ሰዎች ሥራ መድፍ ብቻ አልነበረም። መድፍ የሚሸከም ሠረገላ መሥራት ነበረባቸው፤ ሠረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። ንጉሡ ከደብረ ታቦር መንገድ ማስጠረግ ጀመሩ፤ ራሳቸውም ከጧት እስከ ማታ ድንጋይ እየተሸከሙ ይሠሩ ነበር። ንጉሥ ድንጋይ ሲያነሣ ያየ መኰንን ቆሞ ሊመለከት አይችልምና ሁሉም ጎንበስ አለ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ ያሰኘኝ ግን በ1858 ዓ.ም. በጣና ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ በውጭ አገር መኖሩን ሰምተዋል፤ የእንፋሎት ሞተር ግን የላቸውም። ስለዚህ የጣና ሰው ታንኳ ከሚሠራበት ከደንገል ሁለት ትላልቅ ጀልባዎች አሠሩ፤ በመቅዘፊያ ፈንታም ግራና ቀኝ መንኮራኩር አስገቡባቸው፤ መንኮራኩሮቹንም ሰዎች እንደ ሞረድ ድንጋይ በእጀታ እንዲያዞሯቸው አደረጉ። ጀልባዎቹ ወደ ሐይቁ ገብተው ታዩ። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ለመርከብነት አይበቃም፤ የሰው ጡንቻም የእንፋሎትን ኃይል አይተካም። ቢሆንም ይህን ሳነብ የታየኝ የሶደሬው የቆርቆሮ መንኮራኩር ነው። ያላየኸውን መሣሪያ በእጅህ ባለው ነገር ሠርተህ መሞከር የምሕንድስና መጀመሪያ ይህ ነው፤ በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጀመሪያ ተማሪ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

አሁን ወደሚያሳዝነው ክፍል እንምጣ። በ1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በእንግሊዝ ቆንስል በካሜሮን እጅ ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው በለንደን ያለ መልስ ተቀመጠ። ንጉሡ እንደ ተናቁ ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉንና ሌሎችን አሰሩ፤ ጠቡም እየሰፋ ሄደ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ላኩ። የጠየቁትም ባለሙያዎችን ነው፤ ጠመንጃ ሠሪ፣ ብረት አቅላጭ፣ የመሳሰሉትን ሁሉ መሣሪያቸውን ይዘው መጥተው ለኢትዮጵያ ሰዎች እንዲያስተምሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞቹን ቀጠረ፤ መኪናውንም ገዛ፤ ሰዎቹና ዕቃው እስከ ምጽዋ ደረሱ። ዳሩ ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ ወደ ላይ አትወጡም ተብለው እዚያው በሙቀቱ ተቀመጡ። ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹን ሳያዩ እስረኞችን አልፈታም አሉ። ወራት አለፉ፤ በ1859 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የአገራችንን የምሕንድስና ትምህርት ሊያስጀምሩ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ከባሕሩ ዳር ሆነው ተራራውን አይተው ሄዱ።

በንጉሡም በኩል ያለውን ጥፋት መሸሸግ አልወድም። ጎንደርን በ1859 ዓ.ም. አቃጠሉ፤ ቁጣቸው እየበረታ በደለኛውም ንጹሑም አብሮ ተቀጣ። በዚያው ዓመት የጋፋት ፈረንጆችም ተይዘው፣ ንብረታቸው ተወስዶ፣ ወደ ደብረ ታቦር ተዛወሩ። መምህር በፍርሃት ሲያስተምር ተማሪ የሚያገኘው የሥራውን ትእዛዝ ነው እንጂ የሥራውን ምክንያት አይደለም። የወናፉን ንፋት የተማረ ወጣት እቶኑ ለምን በዚያ ስፋት እንደ ተሠራ ካልተነገረው ብቻውን ሌላ እቶን ሊሠራ አይችልም።

በቤታችን ስለ ድርጅቱ ክርክር በተነሣ ቁጥር እኔ ይህን ነገር አነሣለሁ። ወንድሜ አንድ ሀብታም ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ወጪውን ሁሉ ቢችልለት ይወድ ነበር። እኔ ግን ጋፋት አንድ ደንበኛ ብቻ እንደ ነበራት አስታወስሁት። ገዢዋም፣ ባለቤቷም፣ ጠባቂዋም ንጉሡ ነበሩ፤ የምታወጣውም ዕቃ አንድ፣ መድፍ ነበር። መድፍ ገበሬ አይገዛውም፤ ነጋዴም አይገዛውም። በዚያው እቶንና በዚያው ወጣት እጅ ለሕዝቡ የሚሸጥ ነገር ቢሠራ ኖሮ፣ ለምሳሌ የጋሪ መንኮራኩር፣ ማረሻ፣ የውሃ ወፍጮ ብረት፣ ከተማሪዎቹ ገሚሱ በየገበያው ቤት ከፍቶ በዚያ ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለሶደሬው ቤት ከሃያ ወላጅ ጥቂት ጥቂት ብር መቀበል ከአንድ ሰው ብዙ ከመቀበል ይሻላል የምል ነኝ። አንዱ ቢቈጣ ወይም ቢሄድ አሥራ ዘጠኙ ይቀራሉና። መክፈል ለማይችለው ልጅ ደግሞ ከአዳማ ጋራዦች የተጣለ ብሎንና ሽቦ ሰብስቦ ማምጣቱ እንደ ክፍያ ይቈጠርለት ብያለሁ። ወንድሜ ይህን ገና አልወሰነም። እናታችን ግን በእኔ በኩል ናት።

ሴባስቶፖል የተሠራው በ1859 ዓ.ም. ነው። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ከተከበበችው የሩስያ ከተማ ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር ገመድ መድፉን ይጎትቱ ነበር፤ ከፊት ድንጋይ የሚፈልጥና ገደል የሚያስተካክል፣ ከኋላ ሠረገላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከመንኮራኩሩ ሥር ግንድ የሚያስገባ ሰው ነበረ። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ መውጣት ከሁሉ የከፋ ነበር። የጋፋት ሰዎችም አብረው ይሄዱ ነበር። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። እኔ የምሕንድስና ፈተና አውጪ ብሆን ኖሮ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልፈልግም ነበር፤ 70 ኩንታል ነሐስ፣ በሬና ሰው ብቻ፣ መንገድ የለም፣ ሁለት ገደል። መልሱን እነዚያ ሰዎች በትከሻቸው ጽፈውታል።

መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ለድል ግን አልበቃም። የጄኔራል ናፒየር ጦር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ ተዋግቶ አሸነፈ። ንጉሡ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን መስጠት ግን እምቢ አሉ። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው ሲያዝ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀድሞ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ገና የሰባት ዓመት ሕፃን ሳሉ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ፤ በዚያ ተምረው በ1872 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሞቱ።

የእንግሊዝ ጦር ከባሕር ወደ ተራራው ስንቁን ለማመላለስ፣ በዛሬዋ ኤርትራ በዙላ ወደብ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ሐዲዱ ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው እግር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱን ነቅሎ ጫነው። የጋፋት መምህራንም ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከጦሩ ጋር ወጡ። ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊት እናት ያላትን የጆን ቤልን ልጅ ያገባው ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ። በዚያም በ1865 ዓ.ም. ገደማ በቤይሩት አቅራቢያ ባለችው በብሩማና ተራራ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያ ትምህርት ቤት ከ150 ዓመት በኋላ ዛሬም ተማሪ ይቀበላል።